ሴፍ ስፖርት ምንድን ነው?

አሰልጣኙ የሚማታ፣ የሚሳደብ ወይም ከዚያ የከፋ ነገር የሚያደርግ ቢሆን ስፖርተኛው አቤት የሚለው ለማን ነው? ለረጅም ጊዜ መልሱ «ለክለቡ፣ እሱ ካልሰማ ለፌዴሬሽኑ» የሚል ነበር። ፌዴሬሽኑ ደግሞ ያንኑ አሰልጣኝ የሾመ፣ እሱ ባመጣው ሜዳሊያ በጀት የሚጠይቅ፣ ስሜ ይጠፋብኛል ብሎ የሚጨነቅ አካል ነው። አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ የሚባለው ይሄ ነው። ብዙው ስፖርተኛ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ይላል። ቢናገር ከቡድን የሚቀነሰው እሱ ነዋ።

ሴፍ ስፖርት ስፖርተኞችን ከድብደባ፣ ከወሲባዊ ጥቃት፣ ከማዋረድና ከቸልተኝነት ለመጠበቅ የተዘረጋ ሥርዓት ነው። ደንብ አለው፣ ሥልጠና አለው፣ የጥቆማ መስመር አለው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ዋናው ነገር እነዚህ አይደሉም። ዋናው አቤቱታውን ማን ይቀበላል፣ ማን ይመረምራል፣ ማን ይቀጣል የሚለው ነው። መንግሥታት በቅርብ ዓመታት ከወሰዱት እርምጃ ትልቁም ፋይሉን ከፌዴሬሽኖች እጅ ማውጣት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጉዳዩ የዓለም መነጋገሪያ የሆነው በአሜሪካ ጂምናስቲክ ምክንያት ነው። ላሪ ናሳር የብሔራዊ ቡድኑ ሐኪም ነበር። ታዳጊዎችን «ሕክምና ነው» እያለ ለዓመታት አጥቅቷል። አንዳንዴ ወላጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እያለ፣ እሱ በሰውነቱ እየከለለ ነበር የሚያደርገው። ጥቆማው ኤፍቢአይ ዘንድ የደረሰው በጁላይ 2015 ነው። የኦሎምፒክ ሻምፒዮኗ ማኬይላ ማሮኒም በዚያው ዓመት የደረሰባትን ለመርማሪ በስልክ ተናገረች። ቃሏ በወጉ ሰነድ ላይ የሰፈረው ከ17 ወራት በኋላ ነው። ሰውየው በመሀሉ ሥራ ላይ ነበር፤ ሌሎች ልጆችንም ማጥቃቱን ቀጠለ። ነገሩ አደባባይ የወጣው በ2016 ኢንዲያናፖሊስ ስታር የተባለው ጋዜጣ ሲጽፈው ነው። በ2018 መጀመሪያ ከ150 በላይ ሴቶች ፍርድ ቤት ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ፤ ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ከዚያ በኋላ ኮንግረሱ ዝም ማለት አልቻለም። በፌብሩዋሪ 2018 የወጣው ሕግ በስፖርት ውስጥ ያለ አዋቂ በልጅ ላይ ጥቃት ደርሷል ብሎ ከጠረጠረ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያመለክት ያስገድዳል። ሴፍስፖርት ለተባለውና በ2017 ዴንቨር ውስጥ ሥራ ለጀመረው ማዕከልም ሕጋዊ ሥልጣን ሰጠው። ማዕከሉ የወሲባዊ ጥቃት አቤቱታዎችን ራሱ ይመረምራል። ጥፋተኛ ሲያገኝ ከኦሎምፒክ ስፖርቶች በሙሉ ያግዳል፤ ስለዚህ አንድ አሰልጣኝ ከዋና ታግዶ በቴኒስ በኩል መመለስ አይችልም። የታገዱት ስም ዝርዝርም በኢንተርኔት ተለጥፏል፤ ማንም ወላጅ ገብቶ ማየት ይችላል።

የመከላከያ ደንቡ ደረቅ ይመስላል፤ እኔ የምወደው ግን እሱን ነው። አዋቂና ታዳጊ ለብቻቸው ከተገናኙ ሌላ ሰው ሊያያቸው፣ ከፈለገም ገብቶ ሊያቋርጣቸው የሚችልበት ቦታ መሆን አለበት። አሰልጣኝ ለታዳጊ መልእክት ሲልክ ወላጅ ወይም ሌላ አዋቂ እዚያው ላይ ይጨመራል። ለማሳጅም፣ ለጉዞም፣ ለልብስ መቀየሪያ ክፍልም እንዲህ ያለ ደንብ አለ። «አሰልጣኞች ሥነ ምግባር ይኑራችሁ» ከሚል አንድ ሙሉ ቀን ስብሰባ ይሄ ይሻላል።

የደቡብ ኮሪያው ታሪክ ደግሞ የቢሮ ውጣ ውረድ ሰውን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያሳያል። ቾይ ሱክ ህዮን የትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ የሚደረግበት ውድድር) ስፖርተኛ ነበረች፤ የግዮንግጁ ከተማ አስተዳደር ቡድን አባል። ትደበደብ ነበር። ክብደት ጨመርሽ ተብላ ትራብ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለቅጣት እስክታስመልስ ድረስ ዳቦ እንድትበላ ተገድዳለች። «የቡድኑ ዶክተር» እየተባለ ይጠራ የነበረውና ከሚመቷት አንዱ የሆነው ሰው የሐኪም ፈቃድ እንኳ አልነበረውም። በ2020 ለከተማው አስተዳደር አመለከተች። ለፖሊስ አመለከተች። ለአገሪቱ ኦሎምፒክ ኮሚቴ፣ ለራሱ ለትራያትሎን ፌዴሬሽንም አመለከተች። ሰሚ አጣች። በዚያው ዓመት ጁን ወር ላይ በ22 ዓመቷ ሕይወቷን አጠፋች፤ ለእናቷ የላከችው የመጨረሻ መልእክት የእነዚያን ሰዎች ጥፋት እንድታጋልጥላት የሚጠይቅ ነበር።

መንግሥት በኦገስት 2020 የስፖርት ሥነ ምግባር ማዕከል የሚባል ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ከፈተ። ምክር ቤቱም በስሟ የሚጠራ የሕግ ማሻሻያ አጸደቀ። አሰልጣኙ በ2021 የ7 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እርምጃው ፈጣን ነው፤ ግን አቤቱታዎቹን የተቀበሉት ቢሮዎች ሁሉ እሷ በሕይወት እያለችም ነበሩ። የጎደለው ፋይሉን «የእኔ ነው» ብሎ የሚይዝ አንድ አካል ነው።

ታዲያ መንግሥታት ለምን ይህን ያህል ዘገዩ? አንዱ ምክንያት የስፖርቱ ዓለም «በውስጥ ጉዳያችን አትግቡ» የሚል የቆየ ሕግ ስላለው ነው። ፊፋና ዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ መንግሥት በፌዴሬሽን ሥራ ጣልቃ ገባ ብለው ካመኑ አገሩን ከውድድር ሊያግዱ ይችላሉ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ፖለቲከኛ ቡድን እንዳይመርጥ ይከላከላል። ጥፋተኞችም ግን ከጀርባው ሊደበቁ ይችላሉ።

መንግሥታት የያዙት አንዱ መላ ገንዘብ ነው። ካናዳ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት በጀት የሚያገኙ ብሔራዊ የስፖርት ድርጅቶች እስከ ኤፕሪል 2023 ድረስ ገለልተኛው የአቤቱታ ሥርዓት ውስጥ እንዲገቡ ተነገራቸው። ካልገባችሁ ብር የለም ነው ነገሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2022 ሆኪ ካናዳ የወሲባዊ ጥቃት ክስን በስምምነት በገንዘብ መዝጋቱ ሲታወቅ መንግሥት ድጎማውን አቁሞበት ነበር። በብዙ ስብሰባ ያልመጣ ለውጥ በጀት ሲነካ ይመጣል።

ሌላው መንገድ የወንጀል ሕግ ነው። በእንግሊዝና ዌልስ አንድ መምህር የ16 ወይም የ17 ዓመት ተማሪው ጋር ወሲብ ቢፈጽም፣ ተስማምተን ነው ቢል እንኳ፣ ወንጀለኛ ነው። የስፖርት አሰልጣኝ ግን እዚህ ውስጥ የገባው በ2022 ነው። መምህሩ ከተከለከለ ከ20 ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው! ፈረንሳይም የፊገር ስኬቲንግ (በበረዶ ሜዳ ላይ በሙዚቃ የሚደረግ ሸርተቴ) ተወዳዳሪዋ ሳራ አቢትቦል በ2020 የደረሰባትን ይፋ ካደረገች በኋላ ጥቆማ የሚቀበል ክፍል በስፖርት ሚኒስቴር ውስጥ አቋቁማ፣ በክለብ የሚያሠለጥኑ በጎ ፈቃደኞችን የወንጀል መዝገብ ጭምር ማጣራት ጀመረች።

የስፖርት እገዳ ብቻውን ሩቅ አይሄድም። የአፍጋኒስታን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት የነበረው ከራሙዲን ካሪም በሴት ተጫዋቾች ላይ በፈጸመው ጥቃት ፊፋ በ2019 ዕድሜ ልኩን አገደው። የእስር ማዘዣም ወጥቶበት ነበር። በ2020 የጸጥታ ኃይሎች ፓንጅሺር ድረስ ሊይዙት ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ፊፋ እስር ቤት የለውም፤ ያ የመንግሥት ሥራ ነው።

አዲሶቹ አካላትም ከሐሜት አላመለጡም። በአሜሪካ በ2020 የወጣ ሕግ የኦሎምፒክና ፓራሊምፒክ ኮሚቴው ለሴፍስፖርት ማዕከል በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ያስገድዳል። እንግዲህ ተመርማሪው የመርማሪውን ወጪ እየሸፈነ ነው ማለት ነው። ኮንግረስ ያቋቋመው ኮሚሽንም በማርች 2024 ባወጣው ሪፖርት ማዕከሉ በመንግሥት በጀት እንዲተዳደር መክሯል። በካናዳም በ2022 የተከፈተው ገለልተኛ የአቤቱታ ቢሮ ብዙ አልቆየም፤ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ሥራው የአበረታች መድኃኒት ምርመራን ለሚመራው የካናዳ የስፖርት ሥነ ምግባር ማዕከል ተላልፏል።