ከቀዶ ጥገና በኋላ እንቅልፍ ሲጠፋ፦ ሰው የሚለውና እውነታው

ደሴ ውስጥ በቀዶ ጥገና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የሌሊት ተረኛ ስሆን አብዝቼ የምሰማው «ሲስተር፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚለውን ነው። ይህ አያስገርመኝም። ሆዱ የተከፈተ ሰው በሁለተኛው ሌሊት ለጥ ብሎ ቢያድር ነው የሚገርመኝ። የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሚባለው ነው። አስታማሚውም ጠያቂውም የአልጋ ጎረቤቱም የየራሱን ምክንያት ይሰጣል፣ የየራሱን መድኃኒት ያዛል። አብዛኛው ስህተት ነው። አንዳንዱ ደግሞ በሽተኛውን ይጎዳል።

«ማደንዘዣው ገና ከሰውነቱ አልወጣም።»

ወገብ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ በጥቂት ሰዓታት ይለቃል። ሙሉ በሙሉ የሚያስተኛውም ቢሆን አብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ ይወጣል። እንቅልፍ የሚነሳው ሌላ ነው። ሰውነት ቀዶ ጥገናን እንደ ትልቅ ጉዳት ስለሚቆጥረው ኮርቲሶልን የመሳሰሉ የጭንቀት ሆርሞኖች ይጨምራሉ። ቁስሉ ይቆጣል። ህመም አለ። መብራቱና ጫጫታው አለ፤ ሌሊት ተነስተን ግፊትና ሙቀት የምንለካው እኛም አለንበት። እንቅልፉ ለአብዛኛው ሰው በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል።

«ከተነሳ ስፌቱ ይፈታል።»

ሐኪሙ ካልከለከለ በስተቀር መነሳት አለበት። ቀን ሙሉ ተጋድሞ ያንቀላፋ ሰው ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም። ከዚያ የባሰው ደግሞ እግር ውስጥ ደም ሊረጋ መቻሉ ነው። ሆዱ የተሰፋ ሰው ወደ ጎን ዞሮ፣ እግሩን አውርዶ፣ በክንዱ ተደግፎ ይነሳ። ሲያስለው ትራስ ቁስሉ ላይ ይጫን።

«ህመሙን ይቻለው፣ መድኃኒት ይለምድበታል።»

እዚህ ላይ ትዕግስቴ ያልቃል።

በእኛ አገር ህመም መቻል ትልቅ ክብር ነው። ጠዋት ስዞር «እንዴት አደሩ?» ስል፣ አንዱ «አልሐምዱሊላህ»፣ ሌላው «ተመስገን» ይለኛል። ሁለቱም ደህና ነኝ ይላሉ። ፊታቸው ግን ገርጥቷል፣ ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ ልባቸው በደቂቃ ከ110 በላይ ይመታል። ዓይናቸውን ሳይከድኑ እንዳደሩ ለማወቅ መጠየቅም አያስፈልገኝም።

በወረኢሉ በኩል የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ጥገና ወጥቷል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። «እማማ፣ ምነው አልተኙም?» አልኳቸው። «እንቅልፍ ነው የጠፋኝ እንጂ ደህና ነኝ፣ አብሽሪ» አሉኝ። ትራሱን ላስተካክል ሳነሳው ማስታገሻዎቹ በወረቀት ተጠቅልለው ከሥሩ ተቀምጠዋል። ልጃቸውን ቀሰቀስኩት። «እንዳይለምድባት ብዬ ነው። በጣም ሲብስባት ብቻ እንድትወስድ ነግሬያታለሁ» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እናቱ አልጋ ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚያድር ልጅ ነው። ግን እናቱን እንቅልፍ የነሳት እሱ ነበር። መድኃኒቱን ወስደው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተኙ።

ይህን በየሳምንቱ አየዋለሁ። ስለዚህ በደንብ ልናገር።

ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ ሱስ አያስይዙም። ጠንካሮቹ ማስታገሻዎች፣ ትራማዶልና ሞርፊን፣ ሊያስይዙ ይችላሉ፤ ስጋቱ ከመሬት የመጣ አይደለም። ነገር ግን ለእውነተኛ ህመም፣ ለጥቂት ቀን፣ በታዘዘለት መጠን የወሰደ ሰው ሱሰኛ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። አደጋው የሚመጣው ቁስሉ ከዳነ በኋላ «ያስተኛኛል» ብሎ እየገዛ ሲቀጥል ነው። ማስታገሻ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል የሚለውም ልክ አይደለም። የሚያዘገየውስ ህመሙ ነው። ያመመው ሰው በደንብ አይተነፍስም፣ አክታውን አያወጣም፤ በዚያ ላይ የሳንባ ምች ይመጣበታል። አይራመድም። አይተኛም። ያልተኛ ሰው ደግሞ በማግስቱ ያው ቁስል የበለጠ ያመዋል። እንዲህ እየተዟዟረ ይከርማል።

ሌላው ስህተት እስኪብስ መጠበቅ ነው። ኪኒን ሥራውን ለመጀመር ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ህመሙ አናት ላይ ከወጣ በኋላ የተወሰደ ኪኒን ብዙ አይረዳም። ስለዚህ በሰዓቱ ነው መውሰድ። በየ6 ሰዓቱ ከተባለ ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 6፣ ከምሽቱ 12፣ ከሌሊቱ 6 ማለት ነው። የሌሊቱን አትዝለሉት፤ ከሁሉም የሚዘለለውም ከሁሉም የሚያስፈልገውም እሱ ነው። ስልካችሁ ላይ ደወል ሙሉ። ፓራሲታሞል ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ጉበቱ ለታመመ ወይም በጣም ለከሳ ሰው ከዚያም ያነሰ ነው። ብዙ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ አትደርቡ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ዳይክሎፌናክ ከመውሰዱ በፊት ለሐኪሙ ይናገር። አንቲባዮቲክ ደግሞ የህመም ማስታገሻ አይደለም። «መርፌውን ተወግታለችኮ» እያላችሁ ማስታገሻውን የምታስቀሩ ብዙ ናችሁ።

«ዱካክ ነው የተጫጫነው።»

ከትልቅ ቀዶ ጥገና በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሌሊቶች ህልም የሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል በጣም ይቀንሳል። ከዚያ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሌሊት ገደማ የቀረውን ሊያካክስ በኃይል ይመለሳል። ያን ጊዜ ሰው ቅዠት በቅዠት ይሆናል፣ ይጮሃል፣ በላብ ተጠምቆ ይነቃል። ያስፈራል፤ ግን ያልፋል። ዱአውንም ጸሎቱንም አድርጉ። መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ፣ ሳይሻለው አስወጥታችሁ አትውሰዱት።

ከዚህ መለየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። አንድ አባት ፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች እጢ) ተሠርተው በሁለተኛው ሌሊት «ከብቶቹ አልገቡም፣ ልቀቁኝ» እያሉ ከአልጋ ሊወርዱ ታገሉ። ቤተሰቡ «ጂን ለከፋቸው» ብሎ እጃቸውን በነጠላ ሊያስር ነበር። የሽንት ቱቦው ተዘግቶ ፊኛቸው ተወጥሯል። ቱቦውን አጥበን ሽንቱ ሲወርድ ረጋ አሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው ከቀዶ ጥገና በኋላ ድንገት ከተምታታ፣ ቀንና ሌሊት ከተደበላለቀበት ወዲያው ጥሩን። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ የኦክስጅን ማነስ ሊሆን ይችላል፣ የመድኃኒት ጣጣ ሊሆን ይችላል። እስክንመጣ ድረስ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ፣ በስማቸው ይጥራቸው፣ መነጽራቸውን ያድርግላቸው።

«የእንቅልፍ ኪኒን ብቻ ስጡት።»

ጎረቤት ቤት የተረፈ ዳያዚፓም ይዞ የሚመጣ አስታማሚ ገጥሞኛል። ዳያዚፓም ከትራማዶል ወይም ከሞርፊን ጋር ሲደረብ ትንፋሽን ሊያዳክም፣ ሰውን ሊገድል ይችላል። አዛውንቶችን ያምታታል፣ ሽንት ቤት ሲሄዱ ይጥላቸዋል። አንዳንዴ ሐኪሙ ራሱ የእንቅልፍ መድኃኒት ያዛል። ያ ሌላ ነገር ነው፤ የሚወስዱትን ሁሉ አይቶ ነው የሚያዘው።

አረቄም አያስተኛም። ቶሎ ጥሎ ሌሊቱን ያቆራርጣል፣ ከማስታገሻ ጋርም አደገኛ ነው።

«ቡና እኔን አይነካኝም።»

ወሎ ላይ ጠያቂ ያለ ቡና አይሸኝም፤ አውቃለሁ። በሽተኛው ቤት ከገባ በኋላ ማታ ማታ ሰው ይሞላል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይፈላል፣ ለእሱም ይቀዳለታል። ካፌይን ግማሹ ከደም እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከምሽቱ 1 ሰዓት የጠጣው ቡና እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹ አብሮት አለ። ቡናው ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ይሁን። ጠያቂም ሳይመሽ ይምጣ፣ ሳይቆይ ይሂድ። ይህን ለጠያቂ መንገር ነውር ከመሰላችሁ «ነርሷ ከልክላለች» በሉ።

ጫትም እንዲሁ ነው። «ህመሙን ያስረሳኛል» ብሎ የሚቅም ሰው ብዙ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን፣ የአነቃቂው ዕፅ፣ ዘመድ ነው፤ ያነቃቃል፣ ልብ ያስመታል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል። ሆዱ ለተሰፋ ሰው ማማጥ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ዱአውን አድርጉ፤ በሽተኛው ግን ቁስሉ እስኪድን ጫቱ ይቅርበት።

«ንፋስ እንዳይገባው፣ ዝጉበት።»

ደሴ ብርድ ነው፣ ከባህር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ብርድ ልብስ ደርቡለት። መስኮቱን በጋቢ ጋርዳችሁ ቀኑን ሌሊት አታድርጉበት እንጂ። አእምሮ የእንቅልፍ ሰዓቱን የሚያውቀው በብርሃን ነው። ጠዋት ደጅ አውጥታችሁ አስቀምጡት። የቀን እንቅልፉ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። ማታ መብራቱ ይጥፋ፣ ስልኩ ይራቅ። እንቅልፍ ካልመጣለትም አልጋው ላይ አይገላበጥ፤ መነሳት ከቻለ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ሲያንቀላፋ ይመለስ።

እነዚህን ስታዩ ግን ነገ ብላችሁ አታሳድሩ፦ ትኩሳት፣ ቁስሉ መግል ሲይዝ ወይም ሲሸት፣ አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ፣ ደረት ሲወጋ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ በሰዓቱ ተወስዶም የማይበርድ ህመም። እንቅልፉ ከወር በላይ ካልተመለሰ፣ ወይም ሰውየው ምግብና ጨዋታ ካስጠላው፣ ቁስሉ ቢደርቅም ወደ ሐኪም ይመለስ። «ተሠፍቼ ድኛለሁ፣ አሁን ምን ብዬ ልሂድ» አይበል። «አልተኛም» ብሎ ይምጣ።