የራዲያተር ክዳን ምንድን ነው?

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የተጓዘ ሰው የግቤን በረሃ ያውቀዋል። ከሰኮሩ በኋላ መንገዱ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ወልቂጤ ስታቀኑ ደግሞ ዳገቱ ይጀምራል። እዚያ ዳገት ላይ ሞተሩ ፈልቶበት ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጀሪካን ይዞ የቆመ ሹፌር ማየት ብርቅ አይደለም። የሚሰጠው ምክርም ያው ነው፦ "ራዲያተሩን አስጠርገው፤ ካልሆነ ቀይረው።" ራዲያተር ከሞተሩ የሚመጣውን ትኩስ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ክፍል ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ክዳኑን ነው።

ስሙ ክዳን ስለሆነ ሥራው ውሃ እንዳይፈስ መግጠም ብቻ ይመስላል። ዋናው ሥራው ግን ግፊት መያዝ ነው። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ፈታችሁ ገልብጡት። ከሥሩ ጠንካራ ሞላ አለ። ሞላው ጫፍ ላይ ክብ ጎሚኒ አለ፤ የራዲያተሩን አንገት ተጭኖ የሚይዘው እሱ ነው። መሀሉ ላይ ደግሞ በጥፍር ሳብ ሲያደርጉት የሚከፈት ሌላ ትንሽ ቫልቭ ታገኛላችሁ።

ግፊቱ ለምን ያስፈልጋል? ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የተማርነው ለባሕር ጠረፍ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውን የሚጫነው ነገርም ይቀንሳል። ስለዚህ ጅማ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ወደ 92 ይወርዳል። ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለውም ለዚህ ነው። ውሃው ይንተከተካል እንጂ ያን ያህል አይሞቅም።

አሁን ወደ ሞተሩ እንመለስ። በብዙ የቤት መኪና ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) መከፈት የሚጀምረው በ82 ወይም በ88 ዲግሪ ነው። ራዲያተሩን የሚያናፍሰው የኤሌክትሪክ ፋን የሚነሳው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ይህ የጤነኛ ሞተር ሙቀት ነው። እንግዲህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ ጅማ ላይ ያለ መኪና ሌላ ምንም ጉድለት ሳይኖርበት ውሃው ሊፈላ ይችላል። አንዳንዴም ፋኑ ገና ሳይነሳ። ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ሹፌር በላላ ክዳን ትንሽ ቀን ይገፋ ይሆናል። እኛ ግን ያ ዕድል የለንም።

ብዙ ክዳኖች ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ክዳኑ ከውጭው አየር በላይ ስንት ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ግፊት እንደሚይዝ የሚናገር ነው። 0.9 የሚለው በደንብ ከያዘ፣ ጅማ ላይ ንጹሕ ውሃ እንኳ 115 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ አይፈላም። ክዳኑ እንደሚቆለፈው የእንፋሎት ድስት ማለት ነው። ኩላንት (ውሃው በረዶ እንዳይሆንም የሚጨመር ፈሳሽ) ከተቀላቀለበት ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ጅማ ላይ ውሃው በረዶ ይሆናል ብሎ የሚሰጋ የለም። ቢሆንም ኩላንት ዝገት ስለሚከላከል እዚህም ያስፈልጋል። የወንዝ ውሃ ግን ደለልና ዝቃጭ ያስገባል፤ ራዲያተሩንም ክዳኑንም ይጎዳል።

ትንሿ ቫልቭስ? ውሃው ሲሞቅ ይሰፋል። ግፊቱ ከልኩ ሲያልፍ ሞላው ይሸነፍና ትርፉ ወደ ፕላስቲኩ ማጠራቀሚያ ይሄዳል። ማታ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውስጡ አየር ያጥረዋል። ያኔ ትንሿ ቫልቭ ትከፈትና የወጣውን ውሃ መልሳ ትስባለች።

የወንድሜ ሚኒባስ ጅማ–አጋሮ ይሠራል። ባለፈው ክረምት ሙቀት እየጨመረ አስቸገረው። አንድ ጋራዥ ወሰደው፤ ራዲያተር ይቀየር ተባለ፤ ተቀየረ። በሳምንቱ እንደገና አፈላ። ሄጄ ሳየው ማጠራቀሚያው ሞልቶ ይፈስሳል፤ ራዲያተሩ ግን ጎድሏል። ለካ አዲሱን ራዲያተር አስረው አሮጌውን ክዳን መልሰው ገጥመውበታል። ጎሚኒው እንደ ድርቆሽ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ያን ሁሉ ብር ያወጣው በዚህ ምክንያት መሆኑን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ማጠራቀሚያው ሞልቶ ራዲያተሩ ከጎደለ፣ ክዳኑ ውሃውን መልሶ አይስብም ማለት ነው። ጠዋት ላይ የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ እንደተመጠጠ ተጨምቆ ካገኛችሁት ደግሞ ትንሿ ቫልቭ ተጣብቃለች፣ ወይም ወደ ማጠራቀሚያው የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ተደፍኗል። ጎሚኒው ከደረቀ ወይም ሞላው ከዛገ ብዙ መመርመር አያስፈልግም፤ ቀይሩት። ከክዳኑ ሥር ፌስታል አጥፈው የሚያስገቡ አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። ያፈሳል ያላችሁትን ስትደፍኑ የሚስበውንም ትደፍናላችሁ።

ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ስፋቱም፣ የሞላው ርዝመትም፣ ቁጥሩም ይመሳሰል። "1.1 ይበልጣል፣ ይሻላል" ቢሏችሁ አትቀበሉ። ለ0.9 የተሠራ አሮጌ ራዲያተርና ቱቦ ትርፉን ግፊት ላይችለው ይችላል።

የፈላ ሞተር ክዳን በፍጹም አትክፈቱ። ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ውሃው ያኔውኑ ፈልቶ ወደ ፊታችሁ ይረጫል፤ ቃጠሎው ከባድ ነው። ዳር ይዛችሁ አጥፉና የላይኛውን ቱቦ በእጅ መጨበጥ እስክትችሉ ጠብቁ። ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ከዚያም በላይ። ከዚያ ወፍራም ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዙሩ። ፉጨቱ ሲያበቃ ጫን ብላችሁ ፍቱት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሊሰነጠቅ ይችላል።

በእርግጥ ጥፋቱ ሁልጊዜ የክዳኑ አይደለም። ቆሞ የሚሞቅና ሲነዳ የሚበርድ መኪና ፋኑ ይታይለት። ዳገት ላይ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ፣ ክዳኑ ደህና መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ራዲያተሩ ተደፍኖ እንደሆነ አስፈትሹ። የሞተር ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ፣ ወይም ገና ቀዝቃዛ ሞተር ስታስነሱ ራዲያተሩ ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ ከወጣ ግን የቴስታታ ጋስኬት (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሳይቃጠል አይቀርም። ያኔ መኪናውን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትንዱት፤ መካኒኩ ካላችሁበት ይምጣ።