ቶራ ምንድን ነው? «ኦሪት ማለት ነው» ብሎ ማለፍ ለምን አይበቃም

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ስለ ጎንደር ቤተ እስራኤላውያን ሲያወራ «ቶራ ማለት ኦሪት ነው፤ ድሮ በግዕዝ ያነቡት የነበረውን አሁን በዕብራይስጥ እያነበቡት ነው» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ሰባኪዎች መጥተው ኦሪትን አስተማሯቸው» ሲል ጨመረ። ድሮም ያነቡት ከነበረ ሰባኪዎቹ ምኑን አስተማሯቸው? ይህን አባባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር። ጎንደር ውስጥ ዕብራይስጥና ቶራ ሳስተምር ግን ከእንግዳም ከጎረቤትም፣ አንዳንዴም ከራሳችን ልጆች አፍ ስሰማው ኖሬአለሁ።

ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች መሆናቸውን አልክድም። ኦሪት ከአራማይክ «ኦራይታ» ወደ ግዕዝ የገባ ቃል ነው፤ ኦራይታና ቶራም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ የሥሩ ፍች ማስተማር፣ መንገድ ማሳየት ነው። «ሕግ» የሚለው ስሜት የገነነው የጥንት ተርጓሚዎች ቶራን በግሪክ «ኖሞስ» ካሉት ወዲህ ነው። በአማርኛችን ኦሪት ሲባል ሕገ ኦሪት፣ ከወንጌል በፊት የነበረ ዘመን ወደ አእምሮ ይመጣል። ቶራ ለሚማር ሰው ግን ቃሉ ያለፈ ዘመን ስም አይደለም፤ ዛሬ ጠዋት የተጀመረ ትምህርት ስም ነው።

ስፋታቸውም አይገጥምም። የቤተ እስራኤል ኦሪት ሊቃውንቱ «ስምንቱ ብሔረ ኦሪት» የሚሉት ነው፦ አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት፣ በእነርሱም ላይ ኢያሱ፣ መሳፍንትና ሩት። በዕብራይስጡ ሥርዓት ግን የቶራ ጥቅልል በዘዳግም፣ በሙሴ ሞት ያበቃል። (የብራና ነገር ከተነሳ ይህንም ልጨምር፦ የቤተ እስራኤል የግዕዝ ኦሪት የተለየ ትርጉም አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያን የምታነበው፣ ከግሪክ የተመለሰው ያው ንባብ ነው። ከክርስቲያን ጸሐፊዎች የተገዙ ብራናዎችም ነበሩ። በእነዚያ ላይ የክርስትና ቃል ሲገኝ ይፋቅ ነበር። የማኅበረሰቡ የራሱ መጻሕፍት ደግሞ «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ብለው ይጀምራሉ። ስለዚህ «በግዕዝ የነበረው በዕብራይስጥ ተተካ» የሚል ሰው የብራናውንም ታሪክ አያውቅም።)

ይህ ሁሉ ግን የመጻሕፍት ቆጠራ ነው። ዋናው ስሕተት ቶራን መጽሐፍ ብቻ አድርጎ ማየት ነው።

ጎንደሬ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ንባብ ቤት ያለ ልጅ ዳዊት ደግሞ ጨረሰ ማለት መጻሕፍት ዐወቀ ማለት እንዳልሆነ እዚህ ከተማ ውስጥ ያልተማረ ሰው እንኳ ያውቃል። ትርጓሜ ሌላ ወንበር ነው፤ የላይ ቤትና የታች ቤት ተብሎ የተከፈለውም ንባቡ ሳይሆን ትርጓሜው ነው። መምህሩ አንዱን ፍች ሰጥቶ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል። አይሁድም የተጻፈውን ቶራ «ቶራ ሼቢኽታቭ»፣ በቃል የሚወርደውን «ቶራ ሼብዓል ፔ» ይሉታል። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ንባብ ቤት እንደቀረ ተማሪ ነው። በቃል የሚወርደው ትምህርት እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ ሚሽና ሆኖ ተሰበሰበ፤ በላዩ የተደረገው ክርክር ታልሙድ ሆነ። ጥንታውያኑ የአይሁድ መምህራንም ለሁለተኛው ፍች «ዳቫር አሐር» ይላሉ፤ «ሌላ ነገር» ማለት ነው፤ የእኛው «አንድም» ነው።

ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም። በአንድምታ ወንበር መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው በቃሉ ይይዛል። በቶራ ትምህርት ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሟገታሉ፤ እንዲህ ያለውን ጥንድ «ሐቭሩታ» ይሉታል፤ ክፍሉ በጩኸት ይሞላል። ከዚህም በላይ አንድምታ ፍቺዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማለፍ ይችላል። ታልሙድ ሁሉንም ፍች ካከበረ በኋላ የሚሠራበትን አንዱን መለየት አለበት፤ ሰው ቤቱ ገብቶ ምሳ ይበላልና።

የምሳውን ነገር ያለ ምክንያት አላነሣሁም። አንድ ዓርብ ጠዋት የሰንበት ወጥ የምትሠራ እናት ቤት ነበርሁ። ሽንኩርቱ ቁሌት ላይ ነው፣ በርበሬው ገብቷል፣ ንጥር ቅቤው በጣሳ አጠገቧ ተቀምጧል። ዶሮ ሥጋ ስለሆነ ቅቤ እንደማይገባበት ስነግራት ማማሰያዋን ይዛ ቀና አለችና «መምህር፣ ኦሪት የሚለው ጠቦትን በእናቱ ወተት አትቀቅል አይደለም?» አለችኝ። «አዎ፣ እማማ» አልኋት። «ታዲያ የዶሮ እናት ምን ወተት አላት ልጄ?»

ያ ተንታኝ እዚያ ቆሞ ቢሆን «ገና አልተማሩም» ይል ነበር። እኔ ግን ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ይህችው ቃል በሚሽና ውስጥ ሑሊን በሚባለው ክፍል በረቢ ዮሴ የገሊላው ስም ተጽፋለች፦ «በእናቱ ወተት» ተብሏልና የእናት ወተት የሌላት ወፍ ከዚህ ውጭ ናት። በእርሱ አገር ሰዎች የወፍ ሥጋን ከወተት ጋር ይበሉ ነበር፤ ታልሙድም አላወገዛቸውም። ረቢ ዓቂቫ ደግሞ ወፍ በቶራው ቃል አልተከለከለችም አለ፤ ክልከላው የሊቃውንት አጥር ነው። ሰው ዶሮውን በወተት ሲበላ የበጉንም እንዲሁ ይመስለዋል ብለው ሰጉ። የጸናው ሥርዓት ይኸው አጥር ሆነ።

እንግዲህ እማማ ምን አደረገች? ኦሪትን ታውቃለች፤ ጥቅሱን ያመጣችው እርሷ ናት። አንብባ አልቆመችም፤ ከቃሉ ላይ ጥያቄ አወጣች። ቶራ መማር ማለት ያ ነው። በዕብራይስጥ ፊደል መቁጠር አይደለም፤ ፊደሉንማ ልጆቹ በጥቂት ወራት ይይዙታል። ርግጥ ጥቅልሉ ፊት ሲቆሙ ይደናገራሉ፤ የእኛ ፊደል አናባቢውን በሆዱ ይዞ ስለሚዞር፣ ብራናው ላይ ነጥብ እንኳ የሌለበትን ጽሑፍ ማንበብ ለጎንደር ልጅ ሌላ ዓለም ነው። ይህም ግን ያልፋል።

ሌላውም ስሕተት ከዚህ የባሰ ነው፤ ማኅበረሰቡ ከንባብ በቀር የቃል ትምህርት አልነበረውም መባሉ። ሚሽናና ታልሙድ አልነበሩትም፤ ትክክል ነው። ቄስ ብሎ የሚጠራቸው የራሱ ካህናት ትርጓሜ ግን ነበረው። በኦሪት ዘሌዋውያን 23 ላይ ኀምሳው ቀን ከሰንበት ማግስት ጀምሮ እንዲቆጠር ታዟል። ረቢዎቹ «ሰንበት» የፋሲካ የመጀመሪያው ቀን ነው ብለው ስለቆጠሩ ሻቩዖት፣ የኀምሳው ቀን በዓል፣ በሦስተኛው ወር በ6 ይውላል። የቤተ እስራኤል ቄሶች ሰባቱ የቂጣ ቀናት ካለቁ በኋላ ቆጠሩ፤ በዓላቸው በ12 ዋለ። ይህ አለማወቅ ነው? «አንድም» ነው እንጂ። በስግድ በዓልም ቄሶቹ ተራራ ላይ ወጥተው በግዕዝ አንብበው ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጉሙ ነበር። አብዛኞቹ ቄሶች እ.ኤ.አ. እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ጎንደር የቀረው ሕዝብ ያጣው መጽሐፉን ሳይሆን ተርጓሚውን ነው።

«ሰባኪ» ወደሚለው ቃል ልመለስ። ቤተ እስራኤል ሰባኪ ምን እንደሆነ ያውቃል። እ.ኤ.አ. ከ1860 ጀምሮ ከለንደን የተላኩ ሚሲዮናውያን ጎንደር ዙሪያ ጀንዳ ላይ ሰፍረው ይህንኑ ሕዝብ ከእምነቱ ለማውጣት ሠርተዋል። ዛሬ ከሚማሩት ብዙዎቹ በዚያና ከዚያ በኋላ በመጣ ግፊት የተለወጡ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው። አይሁድ የሌላውን ሃይማኖት ሰው ፈልጎ አያጠምቅም፤ የሚያደርገው «ኪሩቭ» ይባላል። ቃሉን ለማንም አማርኛ ተናጋሪ መተርጎም አያስፈልገኝም፤ «ቀረበ» ከሚለው ግሳችን ጋር ሥሩ አንድ ነው። ማቅረብ ነው፤ የራቀ የቤት ልጅን። «ወደ እስራኤል ለጉዞ ሲሉ ነው የሚማሩት» የሚልም አለ። ጉዞውን የማይናፍቅ ቤት የለም፤ ወላጆቹ፣ እኅቶቹ እዚያ ናቸውና። ይሁንና የዶሮ እናት ወተት ለጉዞ ምን ይጠቅማል?

እማማ ቅቤውን ወደ መደርደሪያ መልሳ በዘይት ሠራችው። በሚቀጥለው ዓርብ ልጇን ልካ አስጠራችኝ። ዶሮዋን ስትበልት ሆዷ ውስጥ ቅርፊቱ የሞላ፣ ገና ያልተጣለ እንቁላል አግኝታ በሣህን አስቀምጣዋለች። «ይኸስ ሥጋ ነው ወይስ እንቁላል? ከአይብ ጋር ይበላል?» አለችኝ። ከታልሙድ ክፍሎች የአንዱ ስም ራሱ «ቤጻ» ነው፣ እንቁላል ማለት። ይህችኑ ጥያቄ ሊቃውንቱ እዚያ ውስጥ ይነጋገሩባታል፦ ሙሉ ሆኖ የተገኘ እንቁላል ከወተት ጋር ይበላል ያሉ አሉ፤ ረቢ ያዕቆብ ግን በጅማት ከዶሮዋ ጋር የተያያዘ ከሆነ አይሆንም አለ። ሣህኑን ወደ ብርሃኑ አስጠጋነውና ጅማት መኖር አለመኖሩን አብረን ማየት ጀመርን።