ሥራ ላይ ስልክ መያዝና የአለቃ ቅጣት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ ሆቴል፣ ካፌ፣ ፋርማሲ ወይም ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ዘመድ ያለው ሰው የስልክ ጭቅጭቅ ሳይሰማ አይቀርም። አንዷ «ሱፐርቫይዘሬ ስልኬን ወሰደችብኝ» ትላለች። ሌላው «ሁለት መቶ ብር ቀጡኝ» ይላል። ማናጀሮቹ በበኩላቸው «እንግዳ ቆሞ እነሱ ቲክቶክ ያያሉ» ብለው ያማርራሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ችግሩ፣ ሁለቱም ሕጉን የሚያውቁት በወሬ ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኛን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ስለ ሞባይል ለብቻው የተጻፈ አንቀጽ የለውም። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ ስላለው እሱን ለሌላ ጊዜ እንተወው።

«ስልኬ የግሌ ነው፤ ማንም ሊከለክለኝ አይችልም»

ስልኩ ያንተ ነው፤ የሥራ ሰዓቱ ግን የተከፈለበት ነው። አዋጁ ሠራተኛው በሥራ ውሉና በሥራ ደንቡ መሠረት የሚሰጠውን ትእዛዝ እንዲፈጽም ያስገድዳል። ስለዚህ «በሥራ ሰዓት ስልክ ሎከር ውስጥ ይቀመጥ» የሚል ደንብ በራሱ ሕገወጥ አይደለም። ማሽን ባለበት ቦታማ ጉዳዩ ሌላ ነው። ስፌት ላይ ወይም ፎርክሊፍት ላይ ተቀምጦ ስክሪን ማየት ጣት ያስቆርጣል፣ ሰው ያስገጫል። የደኅንነት ደንብን አለማክበር በአዋጁ አንቀጽ 14 ለሠራተኛ ከተከለከሉት ድርጊቶች አንዱ ነው፤ ከሥራ እስከ መሰናበትም ሊያደርስ ይችላል። እዚህ ላይ ከአለቃ ጋር ባትከራከሩ ይሻላል።

«ማናጀሩ በቃሉ ካለ ደንብ ነው»

እኔ እንደማየው የስልክ ጸብ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። ሰኞ ጠዋት ማናጀሩ በንዴት «ከዛሬ ጀምሮ ስልክ ያየሁበት ወየውለት!» ይላል። ማክሰኞ የሚወዳት ገንዘብ ያዥ ካውንተር ላይ ስታወራ አይቶ ያልፋል። ረቡዕ አስተናጋጁ ሰዓት ሊያይ ስልኩን ሲያወጣ ይቀጣል። እንዲህ ያለውን ደንብ ማን ያከብረዋል?

አዋጁ የሥራ ደንብን ሲተረጉም የሥራ ሰዓትን፣ ዕረፍትን፣ የአደጋ መከላከልን፣ የዲሲፕሊን እርምጃንና አፈጻጸሙን የሚወስን የድርጅቱ የውስጥ ደንብ መሆኑን ይናገራል። አፈጻጸሙንም ጭምር ነው እንግዲህ። ስልክ የት ይቀመጣል? በምሳ ሰዓት ይፈቀዳል? መጀመሪያ ሲያጠፋ ምን ይደረጋል፣ ሲደግምስ? አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃዋል። ሠራተኛው አንብቦ ይፈርም፣ አንድ ኮፒ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ልጇን ለሞግዚት ትታ የመጣች እናት እንዳትጨነቅ ደግሞ ቤተሰብ የሚደውልበት የሱፐርቫይዘር ቁጥር ይጻፍበት። ይቺን አንዲት መስመር የረሳ ደንብ ሳምንትም አይቆይም፤ ሰዉ ስልኩን ካልሲው ውስጥም ቢሆን ደብቆ ይገባል።

«ስልክ የነካ ደሞዙ ይቆረጣል»

አይቆረጥም፤ ቢያንስ እንዲህ በዘፈቀደ አይቆረጥም። አንቀጽ 59 እንደሚለው ከደሞዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት (አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ በሚፈራረሙት ውል) ወይም በሥራ ደንብ ሲወሰን፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። በቃል የታዘዘ፣ ደረሰኝ የሌለው፣ ማናጀሩ ኪስ ይግባ ሣጥን ውስጥ የማይታወቅ «የስልክ ቅጣት» ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ አይገባም።

«አለቃ ስልኬን ወስዶ ከፍቶ ማየት ይችላል»

አይችልም። ስልክ ሎከር ውስጥ አስቀምጡ ማለት ሌላ፣ «ፓስወርዱን ንገሪኝ፣ ከማን ጋር እንደምታወሪ ልይ» ማለት ሌላ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንደማይደፈር ደንግጓል።

«ሥራ ቦታ ስልክ የሚያስፈልገው የለም»

ይሄን የሚሉት ማናጀሮች ናቸው። ከዚያ እነሱው የነገን ሺፍት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፋሉ። «አላየሁትም» ያለ ይቀጣል። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ደግሞ የባሰ አለ። እንግዳው ሒሳቡን በስልክ ይልካል፤ ብሩ መግባቱን ማረጋገጥ ያለበት አስተናጋጁ ነው። በምን? በራሱ ስልክ፣ በራሱ ዳታ። የውሸት ስክሪንሾት አሳይቶ የሚሄድ ሲገኝ ጉድለቱን ክፈል የሚባለውም እሱ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ ሐይቅ ዳር ሲሞላ የሚፈጠረውን ግርግር አስቡት።

ስልክ ለሥራ የሚያስፈልግ ከሆነ ድርጅቱ የራሱን ስልክ ካውንተር ላይ ያስቀምጥ። የሠራተኛውን ስልክ ለሥራ ሲሆን «የኛ»፣ ለቅጣት ሲሆን «ያንተ» ማድረግ አያዋጣም። ቤት ለገባ ሠራተኛ መልእክት መላክም ገደብ ይኑረው። አንድ መልእክት መመለስ ትርፍ ሰዓት ነው አልልም። በመልእክት ተጠርቶ ስቶር ሊቆጥር የተመለሰ ግን ሠርቷል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት ክፍያው የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው።

«ስልክ ስታይ ከያዘህ፣ በዚያው ቀን ያባርርሃል»

ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ምክንያቶች አንቀጽ 27 ላይ ተዘርዝረዋል። እዚያ ውስጥ አንዴ ስልክ ማየት የለም። ማርፈድን ተመልከቱ፦ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ፣ ያውም በጽሑፍ እየተነገረ፣ ያስፈልጋል። ለማርፈድ ይህን ያህል የታገሠ ሕግ ለአንድ የቲክቶክ ቪዲዮ በር ያስከፍታል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። የኅብረት ስምምነት ካለ ግን ሌላ ጥፋት ሊጨምር ስለሚችል አንብቡት። ስንብቱም ምክንያቱና ቀኑ ተገልጾ በጽሑፍ መሰጠት አለበት። አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀን ካለፈ በዚያ ምክንያት ማሰናበት አይችልም፤ ባለፈው ዓመት ያየውን ስልክ ዛሬ መምዘዝ አይሠራም።

ሙከራ ላይ ያለ ሰው ግን ይጠንቀቅ። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፤ በዚያ መሐል ለሥራው ብቁ አይደለህም ተብሎ ያለማስጠንቀቂያ መሰናበት አለ።

«ይሄ ሁሉ ጥበቃ ለማናጀሩም ነው»

ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ይሄ ነው። አዋጁ የሥራ መሪን አይሸፍንም። የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን ያለው ማናጀር የሚዳኘው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ባለቤቱ ስብሰባ ላይ ስልክ ሲነካካ አይቶት ቢያሰናብተው ማናጀሩ አንቀጽ 27ን መጥቀስ አይችልም። ዋናው ሥልጣኑ እንጂ መጠሪያው አይደለም፤ ሱፐርቫይዘር ስለተባለች ብቻ አንዲት ሠራተኛ የሥራ መሪ አትሆንም።

«ተባርሬያለሁ፤ ረጋ ብዬ እከሳለሁ»

ብዙ አትርጋ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበትክበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ አይታይም ማለት ነው። የስንብት ደብዳቤውን፣ የማስጠንቀቂያ ወረቀቶችን፣ የሥራ ደንቡን ኮፒና ደሞዝ የተቆረጠበትን ፔሮል ያዝ። ትእዛዝ የሚሰጥበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ካለህም፣ ከግሩፑ ሳያስወጡህ በፊት መልእክቶቹን ስክሪንሾት አድርገህ አስቀምጥ።