ዱዋል ባትሪ ምንድን ነው? ዊንችን በእጥፍ ያስስባል እንዴ?

ዱዋል ባትሪ ማለት መኪና ላይ ሁለተኛ ባትሪ መጨመር ነው፤ ዊንች ደግሞ የተሰነቀረ መኪናን ገመድ እየጠቀለለ የሚስብ፣ በባትሪ የሚሠራ መጎተቻ ነው። «ሁለት ባትሪ አስገጠምኩ፣ ዊንቼ አሁን በእጥፍ ይስባል።» ይቺን ነገር እንደገና አየኋት። አንዱ ደግሞ ከሥር ገብቶ «12 እና 12 ሃያ አራት ነው፣ ምን ይገርማል» ብሎ አጸደቀለት። ወንድሜ፣ እሱ አይሱዙ ላይ ነው!

አይሱዙ ላይ የአንዱ ባትሪ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ይታሰርና 24 ቮልት ይወጣል። ሞተሪኖውም (ሞተር የሚያስነሳው) መብራቱም ለ24 ነው የተሠራው። 12 ቮልት በሆነ ላንድክሩዘር ላይ ሁለተኛ ባትሪ ስትጨምር ግን ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ነው። ቮልቱ ያው 12 ነው። የ12 ቮልት ዊንች ላይ 24 ብትለቅበት ሞተሩን ታቃጥለዋለህ።

በሮቶ እናስበው፤ ፒያሳ ኖሮ ውሃ በፈረቃ ያልጠበቀ የለም። ሁለት ሮቶ ጎን ለጎን አስቀምጠህ ብታገናኝ ውሃው ይበረክትልሃል እንጂ የሻወሩ ግፊት አይጨምርም። አንዱን አንዱ ላይ ብትሰቅለው ግፊቱ ይጨምራል፣ አይሱዙ ማለት እሱ ነው። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ደግሞ ከመንገድ የሚመጣው ቀጭን መስመር ነው። ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 130 አምፔር ይሰጥሃል፤ 4 ቶን የሚስብ ዊንች ሙሉ ጭነት ላይ ግን 400 አምፔር አካባቢ ይጠጣል። ስለዚህ የመኪናው ሞተር እየሠራም ሮቶው ይጎድላል። ምሳሌው እዚህ ጋ ትንሽ ያፈሳል፣ ምክንያቱም የሞተሪኖ ባትሪ እንደ ሮቶ እስከ ጠብታው አይሟጠጥም፤ ደጋግመህ ካወረድከው ይሞታል።

«ግን የኔ ዊንች በርግጥ ተሻሽሏል» ትለኛለህ። አምንሃለሁ። የድሮው ባትሪህ ደክሞ ነበር፣ ጭነት ሲመጣበት ቮልቱ ይወድቅ ነበር፣ ቮልት ሲወድቅ ዊንች ይንቀራፈፋል። አሁን ሸክሙ ለሁለት ተካፈለና ፈጠነ። አንድ ደህና ባትሪ ብትቀይርም ለውጡን ታየው ነበር።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በሁለቱ ባትሪዎች መሃል አይሶሌተር አለ። ሞተር ሲሠራ ያገናኛቸዋል፣ ሲጠፋ ይለያያቸዋል፣ ሌላ ሥራ የለውም። ገበያ ላይ የሚበዛው 140 አምፔር የሚችል ነው። ሰዉ ግን ዊንቹን ከኋላ ካለው ሁለተኛ ባትሪ ጋር ያስርና የፊተኛው በአይሶሌተሩ በኩል እንዲያግዘው ይጠብቃል፤ ክረምት በቾ ሜዳ ዋልካ ውስጥ ተሰንቅሮ ሲስብ አይሶሌተሩ ይቀልጥና ሌላ ችግር ይመጣል። ገመዱም አለ። 35 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ደርሶ መልስ 10 ሜትር ሲሆን፣ በ400 አምፔር 2 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል።

ዊንቹን ከፊተኛው፣ ከሞተሪኖው ባትሪ ጋር እሰረው። ገመዱ አጭርና ወፍራም ይሁን፣ ሞተሩም ይሥራ። ሁለተኛው ባትሪ ለፍሪጅና ለመብራት ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ፊተኛውን በዊንች ስትጨርሰው መኪናውን የሚያስነሳልህ እሱ ነው። የግድ ሁለቱም ይሳቡ ካልክ ያንን አምፔር የሚሸከም ወፍራም ማገናኛ አስገባ። ያኔም አሮጌና አዲስ ባትሪ አታጋባ። ሊቲየም ከሆነ ደግሞ በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ስንት አምፔር ላይ እንደሚቆርጥ ጠይቅ፤ 100 ላይ የሚቆርጥ ብዙ አለ፣ መሃል ዋልካ ላይ ጥሎህ ይጠፋል።

እውነት እጥፍ ጉልበት ከፈለግክ ባትሪ ሳይሆን ፑሊ ግዛ። የዊንቹን መጎተቻ ገመድ ዛፍ ላይ በታሰረ ፑሊ አዙረህ መልሰህ መኪናው ላይ ስታስረው በዊንቹ ላይ ያለው ጭነት ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ አምፔሩም አብሮ ይወርዳል። ቀስ ይላል፣ ግን ያወጣሃል።

ከሶማሌ ተራ የባትሪ ገመድ ስትገዛ ደግሞ የአንዷን ክር ጫፍ በቢላ ፋቅ አድርጋት። ውስጧ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፣ መልስለት።