ለሕዝብ ጤና ጣቢያ ግንባታ ሥራ አስኪያጅ መቅጠር፦ የጎንደር ልምድ አጠቃላይ ዳሰሳ

የግንባታ ሥራ አስኪያጅ ከዲዛይን ክለሳ እስከ መጨረሻው ርክክብ ድረስ የግንባታውን ጥራት፣ ጊዜና ወጪ በባለቤቱ ስም የሚከታተል ባለሙያ ወይም ድርጅት ነው። በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ጤና ጣቢያ ሲገነባ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የከተማው ጤና መምሪያ ወይም የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ነው። ሥራ አስኪያጁም እንደ አቀጣጠሩ አማካሪ፣ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ፣ ወይም ሳይት ላይ እንደሚባለው «ኮንሰልታንት» ይባላል። በአሜሪካ አሠራር ሥራ አስኪያጁ አንዳንድ ጊዜ ግንባታው ከተወሰነ ዋጋ እንደማያልፍ ራሱ ዋስ ሆኖ ይገባል፤ በእኛ አገር የመንግሥት ግንባታ ግን የሚሠራውና የሚቆጣጠረው የተለያዩ ወገኖች እንዲሆኑ ይፈለጋል። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው በባለቤቱ በኩል የሚቆመውን ባለሙያ ነው።

ታሪካዊ መነሻ

ጤና ጣቢያ የሚባለው ተቋም በኢትዮጵያ የዛሬውን መልክ ሲይዝ ጎንደር ዳር ሆና የተመለከተች ከተማ አልነበረችም። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ ሜዳ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። ኮሌጁ የተቋቋመው በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት፣ በአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ፣ በዓለም ጤና ድርጅትና በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ትብብር ሲሆን፣ በከተማው የነበረውን ሆስፒታል ለማስተማሪያነት ተጠቅሟል። ያሠለጠናቸው ዋና ዋና ባለሙያዎች ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ) ነበሩ፤ ሦስቱ በአንድ ጤና ጣቢያ በአንድ ቡድን ሆነው እንዲሠሩ ታስቦ ነው። ይህ ሐሳብ በአገሪቱ ጤና አገልግሎት ላይ ያሳረፈው አሻራ እስከ ዛሬ አልደበዘዘም፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየጤና ጣቢያው የሚወጡበት የቡድን ሥልጠናም የዚያው ወራሽ ነው።

ለግንባታ ታሪክ የሚጠቅመው የሳኒታሪያኑ ድርሻ ነው። ምንጭ ማጎልበት፣ የጉድጓድ ውኃን ከብክለት መጠበቅ፣ የመጸዳጃ ቤትና የቆሻሻ ጉድጓድ ቦታ መምረጥ የእርሱ ሥራ ስለነበር፣ የጤና ጣቢያ ግቢ እንዴት መቀመጥ እንዳለበት በባለቤቱ በኩል ሆኖ የሚናገር ሠልጣኝ ባለሙያ ከመጀመሪያው ነበረ ማለት ይቻላል። ለተማሪዎች የመስክ ልምምድ ከዋሉት ቀደምት ጤና ጣቢያዎች አንዱ የቆላ ድባው ነው። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. በተመሠረተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ።

በደርግ ዘመን ከጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሕክምና ትምህርት ተጀመረ፤ ተቋሙም በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ።

የጤና ጣቢያ ግንባታ በብዛትና በፍጥነት መካሄድ የጀመረው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከታወጀ በኋላ ነው። በአገሪቱ መስፈርት መሠረት አንድ ጤና ጣቢያ በገጠር ከ15,000 እስከ 25,000፣ በከተማ ደግሞ እስከ 40,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ይጠበቃል። በጎንደር ከተማ የአዘዞ፣ የማራኪ፣ የወለቃና የጠዳ ጤና ጣቢያዎች ከሚታወቁት መካከል ናቸው።

የሕግ ማዕቀፍ

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል፤ የሕዝብ መገልገያ ወይም የተቋም ሕንጻ ፎቅ ባይኖረውም ከፍተኛ ጥንቃቄ በሚጠይቀው ምድብ «ሐ» ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ባለ አንድ ወለል ጤና ጣቢያ ነው ተብሎ ቁጥጥሩን ለልምድ ግንበኛ መተው በሕግ አያስኬድም። አዋጁ አካል ጉዳተኞች ያለ ችግር የሚገቡበት መንገድ እንዲኖርም ያዛል።

ግዥውን በተመለከተ የፌዴራል መንግሥት ለረጅም ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ሲመራ ቆይቶ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተክቶታል። ጎንደር ግን የምትገዛው በአማራ ክልል የግዥ ሕግ ነው፤ ገንዘቡ ከውጭ ለጋሽ ሲመጣ ደግሞ የለጋሹ መመሪያ ቅድሚያ ሊያገኝ ይችላል። የመንግሥት ግንባታ ውል ከዚህ ሌላ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3131 ጀምሮ በተዘረዘሩት የአስተዳደር መሥሪያ ቤት ውሎች ድንጋጌዎች ይተዳደራል።

አቀጣጠሩ

ሦስት መንገዶች ይታወቃሉ። አንደኛው የመንግሥትን የራሱን መሐንዲሶች፣ ለምሳሌ የከተማውን የመሠረተ ልማት መምሪያ ባለሙያዎች፣ መመደብ ነው። ሁለተኛው አማካሪ ድርጅት በውድድር ወይም፣ ሕጉ በሚፈቅድበት ሁኔታ፣ በቀጥታ መቅጠር ነው፤ በክልሉ የአማራ ዲዛይንና ቁጥጥር ሥራዎች ድርጅት በዚህ ዘርፍ ስሙ የገነነ ሲሆን የግል አማካሪዎችም ይወዳደራሉ። ሦስተኛው ባለሙያን በግለሰብ ደረጃ በኮንትራት መቅጠር ነው። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አንድ መሐንዲስ በአንድ ጊዜ የመንገድ፣ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ሳይት ይዞ ስለሚዞር አርማታ በሚሞላበት ቀን ላይገኝ ይችላል። ሁለተኛው የተሻለ ነው የሚሉ ይበዛሉ፤ የዚህ ጸሐፊም አስተያየት ወደዚያው ያደላል። ሦስተኛው ለትናንሽ ግንባታዎች ሊስማማ ይችል ይሆናል።

በውድድር የሚቀጠር አማካሪ የሚመረጠው የመወዳደሪያ ሐሳብ እንዲያቀርብ በመጠየቅ ነው። ማስታወቂያው በበኩር ወይም በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ይወጣል፤ ቋንቋውም ጎንደሬ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ነው፦ የዘመኑን ግብር የከፈሉ፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ ያላቸው፣ የግብር ከፋይነት መለያ ቁጥር ማቅረብ የሚችሉ፤ መጨረሻው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው። ቴክኒካልና ፋይናንሻል ሰነዶች «ኦርጅናል» እና «ኮፒ» ተብለው በተለያየ ፖስታ ይታሸጋሉ። በመክፈቻው ዕለት ኮሚቴው ተወዳዳሪዎች ባሉበት የፖስታውን ማሸጊያ ከፍ አድርጎ አሳይቶ፣ የቴክኒኩን ብቻ ቀዶ በገጽ ላይ ይፈርምበታል፤ የዋጋው ፖስታ ግን ሳይከፈት በካዝና ይቀመጣል። ይህ አሠራር የሚያበሳጫቸው አሉ፤ ሆኖም ዋጋው አስቀድሞ ከታየ ስለ ብቃት የሚሰጠው ነጥብ በዋጋው መመራቱ አይቀርም።

በቴክኒክ ግምገማ የድርጅቱ ልምድ፣ የሥራ አቀራረቡና የሚመድባቸው ሰዎች ይታያሉ። ከሦስቱ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው የመጨረሻው ነው፤ ጤና ጣቢያውን የሚቆጣጠረው ድርጅቱ ሳይሆን ሳይት ላይ የሚያድረው ሬዚደንት መሐንዲስ ነውና። በሰነድ ላይ የአሥራ አምስት ዓመት ልምድ ያለው መሐንዲስ ቀርቦ ውል ከተፈረመ በኋላ በቅርብ የተመረቀ ልጅ መላክ የተለመደ ቅሬታ ነው። መከላከያው በውሉ ውስጥ የባለሙያዎቹን ስም ማስገባትና ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ መቀየር እንዳይቻል ማድረግ ነው። የትምህርት ዝግጅቱ ሲቪል ምሕንድስና ወይም «ኮተም» እየተባለ የሚጠራው የኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ሲሆን፣ የታደሰ የሙያ ምዝገባ ምስክር ወረቀትም ይጠየቃል።

የቅጥሩ ጊዜ ከአቀጣጠሩ ያላነሰ ጉዳይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን በክረምቱ መካከል ይጀምራል፤ ጨረታው መስከረምና ጥቅምት ላይ ይወጣል፤ ግምገማውና የውል ድርድሩ እስከ ታኅሣሥ ሊዘልቅ ይችላል። ለሥራ የሚቀረው ከጥር እስከ ግንቦት ያለው በጋ ብቻ ነው፤ ሰኔ ሲገባ ዝናቡም የበጀት መዝጊያውም አብረው ይመጣሉ፤ ሰኔ 30 ድረስ ያልተከፈለ ገንዘብም ወደ ፋይናንስ ይመለሳል። በዚህ ጥድፊያ ባለቤቶች ሥራ ተቋራጩን አስቀድመው ይቀጥሩና ተቆጣጣሪው መሠረቱ ከተቆፈረ በኋላ ይደርሳል። ያን ጊዜ ተቆጣጣሪው ያላየውን መሠረት በፊርማው እንዲያጸድቅ ይጠየቃል ወይም ሁሉንም እንዲያስቆፍር ይገደዳል። ሥራ አስኪያጁ ከሥራ ተቋራጩ በፊት ቢቀጠርና የጨረታ ሰነዱን፣ በተለይም የሥራ ዝርዝርና መጠኑን ራሱ ቢያየው የሚድነው ወጪ ብዙ ነው።

በሳይት ላይ

ጤና ጣቢያ አንድ ቤት አይደለም። የተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል፣ ማዋለጃ፣ ላቦራቶሪ፣ መድኃኒት ቤት፣ አስተዳደር፣ የማቃጠያ ምድጃና የእንግዴ ልጅ ጉድጓድ፣ የውኃ ሮቶና አጥር ያለው ግቢ ነው። ዲዛይኑ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የሚመጣ ወጥ ዲዛይን ስለሆነ ለሜዳ የተሣለውን ለጎንደር ተዳፋት ማስማማት የሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያ ፈተና ይሆናል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ኮረብታዎችዋ ጠንካራ ድንጋይ የሆኑ ከተማ ናት፤ ወደ አዘዞና ወደ ደምቢያ ሲወረድ ግን ክረምት አብጦ በጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር መረሬ አፈር ያጋጥማል። በዚህ አፈር ላይ ሳይነቀልና በተመረጠ ሙሌት ሳይተካ የቆመ ቤት ግድግዳው ከመስኮት ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል። የጉድጓዱ ጥልቀት ከሥራ ዝርዝሩ ሲያልፍ ተጨማሪ ሥራ ይከተላል፤ ተጨማሪውን ለክቶ፣ በሁለቱም ወገን አስፈርሞ ለባለቤቱ አስቀድሞ ማሳወቅ የተቆጣጣሪው ግዴታ ነው።

የዕለት ሥራው በሳይት መዝገብ ይታያል። መዝገቡ ገጹ ተከታታይ ቁጥር ያለው፣ ካርቦን እየገባበት በኮፒ የሚጻፍ ነው፤ ትእዛዙ ይጻፋል፣ የሥራ ተቋራጩ ተወካይ ይፈርማል፣ አንዱ ቅጠል ተቀዶ ለእርሱ ይሰጣል። በቃል የተሰጠ ትእዛዝ ክርክር ሲነሳ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። አርማታ ሲሞላ ናሙናው በ15 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ ሣጥን ይወሰድና ሳይደርቅ ቀኑና የተሞላው አካል በምስማር ይጫርበታል፤ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ተጨምቆ ጥንካሬው ይለካል። ምስማሩን የያዘው ማን እንደሆነ ማየት ስለ ቁጥጥሩ ብዙ ይናገራል፤ የሥራ ተቋራጩ ፎርማን ብቻውን ናሙና የሚወስድበት ሳይት ውጤቱ ሁልጊዜ ያማረ ነው።

ከጤና ባለሙያው ጋር መመካከር የሚገባው በዚህ ደረጃ ነው፤ ጎንደር በዚህ ረገድ ከሌሎች ከተሞች የተሻለች ናት ማለት ማጋነን አይሆንም፤ በግቢው አቀማመጥ ላይ ተናግሮ የሚደመጥ የአካባቢ ጤና ባለሙያ እዚሁ ሲሠለጥን ኖሯልና። የማዋለጃው በር አልጋ እየተገፋ የሚገባበት ስፋት እንዲኖረው፣ ወለሉ ውኃ ወደ ማፍሰሻው እንዲወርድ፣ የእንግዴ ልጅ ጉድጓዱ ከውኃው ምንጭ በታች በኩል እንዲሆን፣ የማቃጠያው ጭስ ነፋስ ይዞት ወደ ሕሙማን ክፍል እንዳይመለስ የሚያስታውሱት ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው ናቸው። ልስን ካለቀ በኋላ የሚሰጥ አስተያየት ግን ግድግዳ ያስፈርሳል።

የዋጋ ንረት ራሱን የቻለ ርእስ ነው። ሲሚንቶና ፌሮ ከአዲስ አበባ አቅጣጫ ሲመጡ የዓባይን ሸለቆ ተሻግረው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛሉ። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ አሻቅቧል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቆየው የጸጥታ ችግርም መጓጓዣውን አክብዶታል። የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ በሌለው ውል የገባ ሥራ ተቋራጭ ሳይቱን በጥበቃ ብቻ ጥሎ መሄዱ ይታያል። ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ላይ ሥራ ተቋራጮችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አይስማሙም፤ ሁለቱም በየበኩላቸው እውነት ያላቸው ይመስላል።

ሥራ ሲጓተት የተቆጣጣሪው ውልም ያልቃል። ክፍያው በወር የተቆረጠ ከሆነ ባለቤቱ ያላሰበው ጭማሪ ይመጣበታል፤ በጥቅል ከሆነ ደግሞ አማካሪው ሰውን ከሳይት ያነሳል። በውሉ ውስጥ ስለ መጓተት የሚናገር አንቀጽ ሳይኖር መፈረም ከአቀጣጠር ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

ክፍያና ርክክብ

ሥራ ተቋራጩ የሠራውን ለክቶ የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል፤ ተቆጣጣሪው ራሱ ሜትር ይዞ ከለካ በኋላ ያጸድቀዋል፤ ባለቤቱ ይከፍላል። ከእያንዳንዱ ክፍያ የሚያዘው መጠባበቂያ በተለምዶ 5 በመቶ ነው። ግንባታው ሲያልቅ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ የጎደሉ ሥራዎች በዝርዝር ይጻፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የጉድለት ማረሚያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ሲሆን ቢያንስ አንድ የጎንደር ክረምት ያልፍበታል። የጣሪያ ማፍሰስና የመሬት መስመጥ የሚታየው በዚያ ክረምት ስለሆነ ሥራ አስኪያጁ ከመስከረም በኋላ ተመልሶ ግቢውን እንዲያይ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። የመጨረሻው ርክክብ ሲፈረም በተግባር የተሠራውን የሚያሳየው ንድፍ፣ የሳይት መዝገቡና የናሙና ውጤቶቹ ለጤና መምሪያው ይሰጣሉ፤ አንዳንድ ባለቤቶች የአማካሪውን የመጨረሻ ክፍያ የሚለቁት እነዚህን ሰነዶች ቆጥረው ከተረከቡ በኋላ ነው።