ብርድ መሆኑ የዓለም ሙቀት አልጨመረም ማለት ነው?

ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት አዲስ አበባ ብርዱ ስለጠና «የታለ ታዲያ የዓለም ሙቀት?» የሚል ጥያቄ ግሩፓችን ውስጥ ሦስቴ መጣ። የሚያምታቱት ሁለት ቃላት ናቸው። የአየር ሁኔታ ማለት ዛሬ ጃኬት ልልበስ ወይስ ጃንጥላ ልያዝ የሚያስብለን ነው። የአየር ንብረት ግን የአካባቢው የረጅም ጊዜ ጠባይ ነው፤ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የ30 ዓመት አማካይ ይወስዳሉ። ጎረቤታችሁ አንድ ቀን ስለጮኸ ቁጡ ነው አትሉም አይደል?

በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሴናተር ጂም ኢንሆፍ የበረዶ ኳስ በላስቲክ ይዘው ሴኔት ገቡ፤ ውጭ በጣም ይበርዳል ብለው ወደ ሰብሳቢው ወረወሩት። በረዶው እውነተኛ ነበር። ችግሩ ከእሱ ተነስቶ «የዓለም ሙቀት አልጨመረም» የሚለው መደምደሚያ ነው፤ 2014 እኮ እስከዚያ ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃቱ ዓመት ነበር!

እርግጡን ልንገራችሁ፦ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 የምድር አማካይ ሙቀት ከ1850–1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል፣ ያሞቃትም የሰው ሥራ ነው። የዝናቡ ለውጥ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዱ ጋ ሲጨምር ሌላው ጋ ይቀንሳል። ደግሞ የአንድ ቀን ሐሩር ፎቶ አንስቶ «ይኸው ማስረጃ» ማለትም ያው የኢንሆፍ ስህተት ነው፣ ለጥሩ ዓላማ ቢሆንም።